ማንበብ፣ መድገም፣ መያዝ፤ የንባብ ልማዳችን ታሪካዊ ቅኝት

መግቢያ

በልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ በማለዳ የተገኘ ሰው በየዛፉ ጥላና በየግንቡ ሥር ተቀምጠው ውዳሴ ማርያም ወይም ዳዊት የሚደግሙ ምእመናን ያያል። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ ይልቁንም በግንቦት ልደታ፣ ቁጥራቸው ይበዛል። ልብ ብሎ ለተመለከታቸው አንድ ነገር ያስደንቃል። መጽሐፉ ተገልጧል፤ ገጹም በየጊዜው ይገለበጣል፤ ዐይናቸው ግን ሁልጊዜ በፊደሉ ላይ አይደለም። አንዳንዶቹ ዐይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ገጹ በሚያልቅበት ቦታ ሲደርሱ ግን እጃቸው ሳይሳሳት ቅጠሉን ይገልጣል። እነዚህ ሰዎች እያነበቡ ነው ወይስ በቃላቸው የያዙትን እየደገሙ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ስለ ንባብ ታሪካችን በተነሣ ቁጥር የምንሰነዝራቸውን አስተያየቶች ለመመርመር የሚያስገድድ ነው።

በሥነ ጽሑፍ ሰዎች ዘንድ ከተለመዱት አስተያየቶች ሁለቱን እንውሰድ። አንደኛው "ሕዝባችን የንባብ ልማድ የለውም" የሚለው ነው። ሁለተኛው "የቀድሞው ትምህርት ሽምደዳ እንጂ ንባብ አልነበረም" የሚለው ነው። ሁለቱም በየስብሰባው ስለሚደጋገሙ ማስረጃ የማያሻቸው እውነቶች መስለው ይታያሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአማርኛና በግዕዝ የንባብ ባህል ውስጥ የማንበብ ልማድ በምን ሥርዓት ይገነባ እንደነበረ፣ የተነበበውስ እንዴት ይያዝ እንደነበረ በታሪክ ቅደም ተከተል ማሳየት፣ ከዚያም ሁለቱን አስተያየቶች በዚህ ሚዛን መመዘን ነው። ጽሑፉ የቀድሞውን ሥርዓት ለማወደስ የተዘጋጀ አይደለም። ከሥርዓቱ ጋር አብሮ የተጣለ ነገር ካለ ግን ምን እንደነበረ ማወቅ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ይጠቅማል ብሎ ይህ ጸሐፊ ያምናል።

1. ከቃላቱ የምናገኘው ማስረጃ

የንባብን ታሪክ ከራሱ ከቃሉ መጀመር ይቻላል። በግዕዝ "ነበበ" ማለት ተናገረ ማለት ነው። "ንባብ" ንግግር፣ አነጋገር ነው። ከዚሁ ግስ በአድራጊነት የወጣው "አንበበ" ታዲያ አናገረ፣ እንዲናገር አደረገ የሚል ፍቺ በውስጡ አለ። በአማርኛ "አነበበ" የምንለው ከዚህ የመጣ ነው። ስለዚህ በቃሉ አመሠራረት መሠረት አንባቢ ማለት ዝም ያለውን ብራና የሚያናግር ሰው ነው። ድምፅ የሌለበት ንባብ በቃሉ የመጀመሪያ አሳብ ውስጥ ቦታ የለውም።

ሁለተኛው ቃል "ደገመ" ነው። ዳዊት "ይደገማል" እንጂ አብዛኛውን ጊዜ "ይነበባል" አይባልም። ደገመ ማለት እንደገና አደረገ ማለት በመሆኑ፣ አንድን መጽሐፍ ለማንበብ በተሰጠው ስም ውስጥ ድግግሞሹ አስቀድሞ ገብቷል ማለት ነው። አንድ ጊዜ ተነብቦ የሚዘጋ ዳዊት የለም። መጽሐፉን ለመጨረስ የሚነሣ ሳይሆን ወደ መጽሐፉ ለመመለስ የሚነሣ አንባቢ ነው "ደጋሚ" የሚባለው።

ሦስተኛው "ቃል" ነው። የተነበበውን ማስታወስ "በቃል መያዝ" ይባላል። "መያዝ" የእጅ ግብር ነው፤ የተያዘ ነገር የባለቤቱ ነው። ከዚህ ጋር "ልብ ማለት"፣ "ልብ ማድረግ" የሚሉትን ስንጨምር ትዝታ በቃላችን፣ በልባችንና በእጃችን መካከል የተቀመጠ ሆኖ እናገኘዋለን። ለዚሁ ግብር ዛሬ በተማሪዎች አፍ የሚዘወተረው "ሽምደዳ" የሚለው ቃል ነው። ቃሉ ንቀት አለበት። ያልገባውን ለፈተና ብሎ ያጠራቀመ ሰው ነው ሸምዳጅ። ከ"በቃል መያዝ" ወደ "ሽምደዳ" የተደረገው የቃል ለውጥ አንድ ዘመን በሌላው ዘመን ላይ የሰጠውን ፍርድ ያሳያል። ፍርዱ ትክክል ነው ወይ የሚለውን ለመወሰን ሥርዓቱን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

2. የንባብ ቤት ሥርዓት

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የመጀመሪያው ደረጃ ንባብ ቤት ነው። ሕፃኑ ፊደል ከቆጠረና አቡጊዳን ካወቀ በኋላ ብዙውን ጊዜ በዮሐንስ መልእክት ንባብ ይጀምራል። እዚህ ላይ ትኩረት የሚስበው አንዱ ጽሑፍ በተለያየ አኳኋን መላልሶ የሚነበብ መሆኑ ነው። መጀመሪያ በቁጥር፣ ማለትም ፊደሉን አንድ በአንድ እየለየ፤ ቀጥሎ በግዕዝ፣ ድምፁን እየሳበ በዝግታ፤ ከዚያ በውርድ ንባብ፤ በመጨረሻም በቁም ንባብ፣ ሳይደናቀፍ ቀጥ አድርጎ ያነበዋል። ተማሪው ወደ አዲስ መጽሐፍ የሚያልፈው የቀድሞውን በቁም ንባብ ሲወጣው ነው። በዚህ መካከል ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ የሚባሉትን የአነባበብ ሕጎች ይለማመዳል። አንድ ቃል የሚነሣው ወይም የሚወድቀው በፍቺው ምክንያት ስለሆነ፣ አነባበቡን የሳተ ሰው ትርጉሙን እንደ ሳተ ይቆጠራል። ስለዚህም ሕፃኑ ግዕዙን ገና ሳይረዳው ጆሮው የሰዋስው ልዩነት መስማት ይጀምራል።

ከዚህ ጎን ለጎን የሚሄደው ቃል ትምህርት ነው። ይህ ያለ መጽሐፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሲመሽ፣ መምህሩ ወይም ከፍ ያለው ተማሪ እየመራ ታናናሾቹ እየተቀበሉ የሚካሄድ ነው። ውዳሴ ማርያም፣ ይዌድስዋ መላእክት፣ አንቀጸ ብርሃን፣ መልክአ ማርያም፣ መልክአ ኢየሱስ በዚህ መንገድ ይያዛሉ። ስለዚህ ቀን በዐይን፣ ማታ በጆሮ የሚሠራ ትምህርት ነበር። መብራት ማጣት ለትምህርት እንቅፋት መሆኑ ቀርቶ የትምህርቱ አንድ ክፍል ሆኖ ተሠርቶበታል።

የንባብ ቤት ትምህርት የሚጠናቀቀው በዳዊት ነው። ዳዊት የደገመ ልጅ አንባቢ ሆነ ይባላል፤ በብዙ ቤተሰብም ይህ ቀን በድግስ ይከበር ነበር። የንባብ ልማድን ለሚያጠና ሰው ዋናው ቁም ነገር ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። 150ው መዝሙር እያንዳንዱ ዐሥር መዝሙር በሚይዝ "ንጉሥ" በሚባል ክፍል ተከፍሎ 15 ንጉሥ ይሆናል። ይህም በሳምንቱ ቀናት ይደለደላል። ለሰኞ ሦስት ንጉሥ፣ ከ1 እስከ 30፤ ለማክሰኞ ሦስት፣ ከ31 እስከ 60፤ ለረቡዕ ሁለት፣ ከ61 እስከ 80፤ ለሐሙስ ሦስት፣ ከ81 እስከ 110፤ ለዓርብ ሁለት፣ ከ111 እስከ 130፤ ለቅዳሜ ሁለት፣ ከ131 እስከ 150። እሑድ ለነቢያት ጸሎትና ለመሓልየ መሓልይ ይተዋል። ውዳሴ ማርያምም እንዲሁ ከሰኞ እስከ እሑድ የተከፈለ ነው። ስንክሳር ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ የሚነበብ የራሱ ክፍል አለው።

እንግዲህ ይህ አከፋፈል ለጸሎት የተደረገ ቢሆንም በንባብ ታሪክ ዐይን ሲታይ የልማድ ግንባታ ሥርዓት ነው። የሚነበበው መጠን የታወቀ ነው፤ ቀኑ የታወቀ ነው፤ አንባቢው በየማለዳው "ዛሬ ምን ላንብብ?" ብሎ አይጨነቅም። ረቡዕ ከሆነ ስድሳ አንደኛው መዝሙር ይጠብቀዋል። ደግሞም ያንኑ ክፍል ከሳምንት በኋላ ያገኘዋል። በዓመት ውስጥ አንድ መዝሙር ከ50 ጊዜ በላይ ይመላለሳል። ከላይ በመግቢያው የተጠቀሱት ምእመናን እጃቸው ሳይሳሳት ገጽ የሚገልጠው በዚህ ምክንያት ነው። ገጹ የሚነግራቸው አዲስ ነገር ኖሮ አይደለም። የያዙትን የሚያጸኑበት መደገፊያ ስለሆነ ነው።

3. ቅኔ ቤትና መጽሐፍ ቤት

ሥርዓቱ በንባብ ቤት ቢቆም ኖሮ የሽምደዳ ክስ ብዙ መከራከሪያ ባላስፈለገው ነበር። ነገር ግን ከዚያ በላይ ያሉት ጉባኤያት ትዝታን ለሌላ ተግባር ያውሉታል። በቅኔ ቤት ተማሪው መምህሩ የዘረፈውን ቅኔ ሰምቶ ይይዛል፤ ያዘ ማለት ግን ተማረ ማለት አይደለም። ወደ ጫካ ወይም ወደ አንድ ገለልተኛ ቦታ ሄዶ በዚያው ስልት የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፤ ተመልሶም ለመምህሩ ይነግራል። ቆጠራና ነገራ የሚባሉት እነዚህ ሁለቱ የትምህርቱ ምሶሶዎች ናቸው። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ እንደ ራሱ አድርጎ ያቀረበ ተማሪ በጓደኞቹ ፊት ያፍራል። የተያዘው ነገር የሚፈለገው አዲስ ለመፍጠር ነው፤ በቃሉ ምንም ያልያዘ ሰውም የሚቆጥረው ቅኔ አይኖረውም።

በዚህ ረገድ በጎጃም ቅኔ ያስተማሩት ዐይነ ስውሯ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ሊታወሱ ይገባል። ቅኔን ከአባታቸው ተምረው፣ ሴት ልጅ በጉባኤ ወንበር በማትታይበት ዘመን መምህርት ሆነው ብዙ ወንዶች ተማሪዎችን አስመርቀዋል። ገጽ ማየት የማይችል ሰው በንባብ ባህል ማእከል ላይ ሊቀመጥ የቻለው ንባብ ከዐይን ይልቅ በጆሮና በቃል ላይ የቆመ ስለነበረ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ እንደ እርሳቸው ያሉ ሴቶች በጣት የሚቆጠሩ መሆናቸው ሥርዓቱ ምን ያህሉን ሕዝብ በደጅ እንዳስቀረ ይመሰክራል። ይህን ሳይጠቅሱ ማለፍ ታሪክን ማዛባት ይሆናል።

መጽሐፍ ቤት ከዚህ ይለያል። በብሉይ፣ በሐዲስ፣ በሊቃውንትና በመነኮሳት ጉባኤ ንባቡ ከትርጓሜው ጋር ይሄዳል። መምህሩ አንዱን ቃል አንስቶ "አንድም" እያለ ፍቺውን ያከታትላል። ተማሪዎቹ ጉባኤው ከተፈታ በኋላ በቅጸላ ተሰብስበው የሰሙትን እርስ በርስ ይከልሳሉ። አንዱ የዘለለውን ሌላው ይሞላል፤ የተሳሳተውን ያቀናል። አራቱን ጉባኤ የዘለቀ ሊቅ "አራት ዐይና" ይባላል። የትርጓሜው አካል ለረጅም ዘመን በዋናነት በቃል ሲወርድ ሲዋረድ መጥቶ የወንጌል አንድምታ በማተሚያ ቤት የወጣው በ1916 ዓ.ም. ነው። ያን ያህል ሰፊ ሐተታ ተጠብቆ ሊቆይ የቻለው በግለሰብ የማስታወስ ችሎታ ብቻ አይደለም። ቅጸላን የመሰለ የጋራ ክለሳ ስለነበረው ነው። ትዝታ በጉባኤው ዘንድ የማኅበር ንብረት ነበር ማለት ይቻላል።

4. ነቀፌታውና ሚዛኑ

በዚህ ሥርዓት ላይ የሚቀርበው ዋና ነቀፌታ መሠረት አለው። ዳዊት የደገመ ልጅ ሁሉ ቅኔ ቤት አይገባም፤ ከብዙዎቹ ጥቂቶቹ ናቸው የሚቀጥሉት። የቀሩት 150 መዝሙር በአፋቸው እያለ የአንዱን ትርጉም እንኳ ሳያውቁ ይቀራሉ። ድግግሞሹ የተመደበው ለጥቂት መጻሕፍት ስለሆነም አዲስ መጽሐፍ ፈልጎ የማንበብ ጉጉት አይፈጥርም። ንባብ ቤት የሚያፈራው በጥልቀት የሚያነብ እንጂ በስፋት የሚያነብ ሰው አይደለም።

ነገር ግን ክሱ "በቃል መያዝ ማስተዋልን ይገድላል" ወደሚል ሲሸጋገር ማስረጃው ይሳሳል። ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። ፕላቶን በ"ፋይድሮስ" ውስጥ ጽሕፈትን ፈጠረ ስለሚባለው የግብፅ አምላክ ቶት ያመጣው ተረት ይታወቃል። ቶት ጽሕፈት የትዝታ መድኃኒት ነው ሲል፣ ንጉሡ ታሙስ ግን ሰዎች በውጭ ምልክት ተማምነው በውስጣቸው መያዝን ስለሚተዉ መርሳትን ያመጣባቸዋል ብሎ ይመልስለታል። የጽሕፈትና የትዝታ ጠብ እንግዲህ ሁለት ሺሕ ዓመት የዘለለ ነው።

ዘመናዊው ሥነ ልቡና ለዚህ ክርክር የራሱን አስተዋጽኦ አድርጓል። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት ትርጉም የሌላቸውን ቀለማት በራሱ ላይ እየሞከረ፣ ከተያዘው የሚበዛው በመጀመሪያው ቀን ውስጥ እንደሚጠፋ፣ ክለሳው በቀናት ላይ ሲበተን ግን በአነስተኛ ድካም እንደሚጸና አሳየ። ግዕዝ ለማይሰማ ሕፃን ዳዊት ከኤቢንግሃውስ ቀለማት እምብዛም የራቀ አይደለም። ልዩነቱ ሕፃኑ ዜማና ጓደኛ ያለው መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አጭር ምንባብ አስነብበው አንዱን ወገን ደግሞ እንዲያነበው፣ ሌላውን ወገን መጽሐፉን ዘግቶ የሚያስታውሰውን እንዲጽፍ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ፤ 81 ለ75 በመቶ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ደግመው ያነበቡት 42 በመቶ ብቻ ሲያስታውሱ መጽሐፉን ዘግተው የሞከሩት 56 በመቶ አስታወሱ።

ይህ ውጤት ለቅኔ ተማሪ አዲስ አይደለም። ነገራ ማለት መጽሐፍ ሳይዙ ከራስ ማውጣት ነው፤ ቅጸላም እንዲሁ። ሥርዓቱን ያቆሙት ሊቃውንት ይህን በመለኪያ አላረጋገጡትም፤ በረጅም ልምድ ግን ደርሰውበታል። በመሆኑም ነቀፌታው ሊያርፍ የሚገባው በመያዙ ላይ አይደለም። ሊያርፍ የሚገባው የያዘውን ሰው ወደ ትርጉም ሳያሻግሩ በመተው ላይ ነው።

5. የኅትመት ዘመንና ዝምተኛው አንባቢ

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1904፣ በኋላም በ1920 ዓ.ም. በአገራችን የሚገኙትን መጻሕፍት በዝርዝር አሳተሙ። የመጻሕፍት ዝርዝር መታተሙ ራሱ የአንባቢ ለውጥ ምልክት ነው። ዳዊት ብቻ ለሚደግም ሰው ዝርዝር አያስፈልገውም፤ ዝርዝር የሚያስፈልገው ገና ያላነበበው መጽሐፍ መኖሩን ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ነው። የምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900፣ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. መከፈታቸው፣ የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. መቋቋምና በ1917 በዚያው ስም ጋዜጣ መውጣቱ ይህን አዲስ አንባቢ አበዙት። ጋዜጣ ከዳዊት ተቃራኒ የሆነ ጽሑፍ ነው። አንድ ጊዜ ተነብቦ ይጣላል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ይመጣል። መድገም የማይፈልግ ንባብ በአማርኛ እንዲህ ሥር ሰደደ። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ በኋላ ወመዘክር የተባለው፣ ደግሞ ሌላ ልማድ ጨመረ። በብዙ ሰዎች መካከል ተቀምጦ ዝም ብሎ ማንበብ።

ዝም ብሎ ማንበብ በሌላውም ዓለም አንድ ጊዜ እንግዳ ነበር። አውግስጢኖስ በ"ኑዛዜ"ው የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስዮስ ድምፅ ሳያሰማ በዐይኑ ብቻ ሲያነብ አይቶ መገረሙን ጽፏል። እኛ ዘንድ ግን ሽግግሩ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ተጠቃለለ። ዘመናዊ ደራስያን የምንላቸው ብዙዎቹ ሁለቱንም ዓለም ያዩ ናቸው። ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም አድባራት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከተማሩ በኋላ ነው ወደ ዘመናዊው የተሻገሩት። በ1958 ዓ.ም. በታተመው "ፍቅር እስከ መቃብር" ውስጥ የበዛብህ የተማሪነት ኑሮ ያን ያህል ሥጋና ደም ለብሶ የሚታየውም ደራሲው ያን ኑሮ ስለኖሩት ነው።

የሽግግሩን ጠባይ ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው ግን በ1959 ዓ.ም. የታተመው "መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ" ነው። ባለቅኔውና ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን ቃል በቴፕ እየቀዱ፣ ከዚያ ወደ ጽሑፍ እየገለበጡ አዘጋጁት። አለቃ ለማ ስለ መምህራን፣ ስለ ቅኔ ቤት ኑሮ፣ ስለ ዘመኑ ሰዎች የሚናገሩት ከማስታወሻ ደብተር እየተመለከቱ አይደለም። ከዓመታት በፊት የሰሙትን ቅኔ ከነባለቤቱና ከነምክንያቱ ያወሳሉ። አባት በቃሉ ያዘ፤ ልጅ በመሣሪያ ቀዳ፤ እኛ በመጽሐፍ እናነባለን። ከእኛ መካከል ግን ያን መጽሐፍ አንብቦ ከሁለት ቅኔ በላይ በቃሉ የያዘ ምን ያህል ይገኛል? በዚህ መጽሐፍ አንድ የትዝታ ሥርዓት ከጥፋት ሲድን፣ በዚያው ቅጽበት የመያዙ ግዴታ ከአንባቢው ላይ ሲወርድ እናያለን።

ድምፁም ጨርሶ አልጠፋም። የኢትዮጵያ ሬዲዮ "ከመጻሕፍት ዓለም" በተሰኘው ዝግጅቱ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ሲተርከው መጽሐፉን በእጃቸው ይዘው የማያውቁ ብዙ ሰዎች ከጉዱ ካሣ ጋር ተዋወቁ። ዛሬም ያን መጽሐፍ የሚያነብ የዚያ ዘመን ሰው የወጋየሁን ድምፅ ሳይሰማ ማንበብ ይቸግረዋል። "አንበበ" ወደ ጥንት ፍቺው፣ ወደ ማናገር፣ ለአንድ አፍታ ተመለሰ ማለት ነው። መጽሐፉ በሕዝብ ትዝታ ውስጥ ይህን ያህል ሥር ሊሰድ የቻለው በጽሑፉ ኃይል ብቻ እንዳልሆነ፣ በድምፅ መነገሩም ድርሻ እንዳለው መቀበል ተገቢ ነው።

6. ከማንበብ ችሎታ ወደ ማንበብ ልማድ

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በታሪካችን ከታዩት ሁሉ ሰፊው የንባብ ትምህርት ነበር። በሂደት በ15 ቋንቋዎች ተካሂዷል፤ እ.ኤ.አ. በ1980ም በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ የንባብ ሽልማት አስገኝቷል። ንባብ ቤት በደጅ ያስቀራቸው ሴቶችና ገበሬዎች ፊደል የያዙት በዚህ ዘመቻ ነው። ነገር ግን ዘመቻው አንድ ትምህርት ትቶልን አልፏል። ፊደል ያወቀ ሰው በቤቱ የሚያነበው ነገርና የሚያነብበት ቀን ከሌለው ያወቀውን ይረሳል። ተከታታይ የንባብ ጽሑፍ በየገጠሩ ባልደረሰበት ቦታ ብዙዎች ወደ መሃይምነት ተመልሰዋል። ንባብ ቤት ጥቂቶችን አስተምሮ ዕድሜ ልክ የሚቆይ ሳምንታዊ ክፍል ያስታጥቃቸው ነበር፤ ዘመቻው ብዙዎችን አስተምሮ ክፍሉን አላስታጠቃቸውም። የንባብ ችሎታና የንባብ ልማድ ሁለት ነገሮች መሆናቸው እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል።

ይኸው ልዩነት በእኛው ክፍል ውስጥም አለ። ይህ ጸሐፊ ከጥቂት ዓመታት በፊት ተማሪዎቹን ባለፈው መንፈቀ ዓመት አንብበው የተፈተኑበትን አንድ ልብ ወለድ መጽሐፍ ሳይገልጡ እንዲተርኩ ጠይቆ ነበር። የገጸ ባሕርያቱን አሣሣል፣ ግጭቱን፣ የአንጻር ስልቱን በሚገባ ዘረዘሩ፤ ታሪኩን ግን ከመካከሉ በላይ ይዞ የሄደ አልተገኘም። ከዚያ አንዷ ተማሪ "እስቲ መምህር ይተርኩልን" አለች። መምህሩ መጽሐፉን ለብዙ ዓመታት አስተምሮታል። ግን ሁልጊዜ ማስታወሻውን ይዞ ስለሚገባ፣ ያለ ማስታወሻ ከሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ቆመ። ክፍሉ ሳቀ፤ እርሱም ሳቀ፤ ነገሩ ግን ከዚያ ቀን በኋላ አልተወውም። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረውም እርሱ ነው።

በበራሪ ወረቀትና በፎቶ ኮፒ የጀመረው፣ አሁን በስልክ ላይ በሚላክ ገጽ የቀጠለው አነባበባችን ለፈተና ቀን የሚደርስ፣ ከፈተና ማግስት የሚጠፋ ንባብ ነው። የሚገርመው ሽምደዳን የምንንቀው እኛው መሆናችን ነው። የቀድሞው ተማሪ ያልገባውን ጽሑፍ ይዞ ይኖር ነበር። የዛሬው ደግሞ የገባውን ጽሑፍ ሳይይዝ ይመረቃል። ከሁለቱ የትኛው ነው ጽሑፉን የራሱ ያደረገው?

ለዚህ መልስ ለመፈለግ ከቀድሞው ሥርዓት አራት ነገሮችን መውሰድ ይቻላል። አንደኛ፣ ክፍልን በቀን መደልደል። ብዙ ለማንበብ ከመማል ይልቅ ትንሽና የታወቀ መጠን ለታወቀ ቀን መስጠት፤ ለምሳሌ ለረቡዕ ግጥም፣ ለሐሙስ አጭር ልብ ወለድ። ሁለተኛ፣ ድምፅ። ግጥምን በዐይን ብቻ ያነበበ ተማሪ ምቱንና ቤቱን አልሰማም፤ ያልሰማውንም አይዝም። ሦስተኛ፣ ነገራ። ምዕራፉ ሲያልቅ መጽሐፉን ዘግቶ ለጓደኛ መተረክ፤ ጓደኛ ከሌለ በራስ ቃል መጻፍ። አራተኛ፣ ቅጸላ። የተነበበውን በሳምንቱ ተሰብስቦ መከለስ፣ አንዱ የዘለለውን ሌላው እንዲሞላው።

ይህ ጸሐፊ ከዚያ ወዲህ ሦስተኛውንና አራተኛውን በክፍሉ ሞክሯል። ውጤቱን በመቶኛ ለማቅረብ የሚያስችል ጥናት አላደረገም። ያስተዋለው ሁለት ነገር ግን አለ። መጀመሪያ ተማሪዎቹ ይህን እንደ ሕፃን ትምህርት ቆጥረው ቅር ተሰኝተዋል፤ ቅሬታቸውም ፍትሐዊ ገጽታ አለው፣ ምክንያቱም ጊዜ ይወስዳልና በአንድ መንፈቀ ዓመት የሚነበቡት መጻሕፍት ቁጥር ቀንሷል። ሁለተኛ፣ በሂስ ጽሑፎቻቸው ውስጥ ከአንዱ መጽሐፍ ወደ ሌላው እየተሻገሩ ማነጻጸር በዝቷል። ይህም አያስደንቅም። ሁለት መጻሕፍትን ማነጻጸር የሚችለው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ በልቡ የያዘ ሰው ነው።

ማጠቃለያ

በመግቢያው የተነሡትን ሁለት አስተያየቶች አሁን መመዘን ይቻላል። "የንባብ ልማድ የለንም" የሚለው በታሪክ አይደገፍም። ልማዱ ነበር፤ የተሟላ ሥርዓትም ነበረው። ያልነበረው ልማዱን ከጥቂት መጻሕፍትና ከጥቂት ሰዎች አሻግሮ የሚያሰፋ ተቋም ነው። "የቀድሞው ሽምደዳ ነበር" የሚለው ደግሞ ግማሽ እውነት ነው። ከንባብ ቤት ላልዘለቀው ብዙኃን እውነት ነው፤ ቅኔ ቤትና መጽሐፍ ቤት ለደረሰው ግን መያዝ የመፍጠርና የመተርጐም መነሻ ነበር። ኅትመት ስፋትን ሰጠን፤ ዘመቻው ብዛትን ሰጠን፤ ሁለቱም ግን የመድገምን ሥርዓት አልተኩልንም። የመጽሐፍ እጥረት የዛሬው ተማሪ ዋና ችግር መሆኑ ሲቀር፣ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተውን አብርሆትን የመሰለ ቤተ መጻሕፍት በአዲስ አበባ እያለ፣ ጥያቄው "ምን እናንብብ?" ከሚለው ይልቅ "ምን እንድገም?" ወደሚለው እየዞረ ነው።

በልደታ ማርያም ግቢ ዐይናቸውን ጨፍነው ገጽ የሚገልጡት ሰዎች እያነበቡ ነው ወይስ እየደገሙ ብለን ነበር የጀመርነው። ለእነርሱ ሁለቱ አንድ ናቸው። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ከእነርሱ ጋር ጸሎታቸውን ባይጋራ እንኳ አንድ ጥያቄ ከእነርሱ ሊማር ይችላል። መጽሐፉ ከእጄ ቢወሰድ ከእርሱ ምን ይቀረኛል? በዚህ ክፍል የምናስተምርና የምንማር ሁሉ በየመንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ ራሳችንን ልንፈትንበት የሚገባ ጥያቄ ይህ ነው።